መንገዱና ጤናችን፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኮሪደር ልማት፣ ስለ ባጃጅ ወይም ስለ አቧራ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ጤናን ያነሳል፣ ሌላው ደግሞ «ይሄ ምን አገናኘው?» ይላል። በየቡናው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ እዚህ መልሻለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ጤና የሆስፒታል ጉዳይ አይደለም እንዴ? መንገድ ምን አገባው?

ሆስፒታል የታመመውን ነው የሚቀበለው። ማን ይታመማል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ከሆስፒታሉ በር ርቆ ይወሰናል። ቤታችሁ ከአስፋልቱ ምን ያህል ይርቃል? ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በየት በኩል ነው? ገበያው የት ተተከለ? የሰፈሩ ቦይ ክዳን አለው ወይ?

ለጎንደር ሰው ይህን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ትንሽ ቀደም ብሎ ጎንደር አጠገብ ባለችው ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ፈጅቶ ስለነበር፣ አልጋ አጠገብ ከሚቆም ሐኪም በተጨማሪ መንደር ለመንደር የሚዞር ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። እናም ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን አብረው ሠለጠኑ። ሳኒተሪያኑ አንድ ሰፈር ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጉድጓዱን፣ ሽንት ቤቱንና የቆመውን ውኃ ነው። ዛሬ ቢመጣ የእግረኛ መንገዱንም ማየቱ አይቀርም።

እሺ፣ ለጎንደር ትልቁ ጉዳይ የቱ ነው?

እግረኛው።

አብዛኛው ሰው የራሱ መኪና የለውም። በእግሩ ይሄዳል፣ ሲደክመው ወይም ዕቃ ሲበዛበት ባጃጅ ወይም ታክሲ ይይዛል። ሀብታም አገሮች ሰዉን ከመኪና አውርደው በእግሩ ለማስኬድ ስንት ገንዘብ ያፈሳሉ፣ እኛ ግን ያንን በነጻ ይዘነው እንደ ችግር ነው የምናየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። ከአራዳ ፒያሳ እየተመላለሰች የምትነግድ ሴት ይህን ሳታስበው ትሞላዋለች፣ ያውም በዳገት። ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም ከዚህ የረከሰ መከላከያ አይገኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ትንሽ ገንዘብ በእጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚተወው በእግር መሄድን ነው፣ ምክንያቱም መሄዱ ራሱ ፈተና ሆኗል። እግረኛ መንገዱ ላይ አሸዋና ብሎኬት ተከምሯል፣ ሱቁ ዕቃውን አውጥቶ ደርድሯል፣ ባጃጅ ቆሟል፣ ክዳን የሌለው ቱቦ አፉን ከፍቷል፣ እናም ሰው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። የከተማ ፕላን ለጤና ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሚሄደው ሰው መሄዱን እንዳይጠላ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የምመልሳቸው አብዛኞቹ ጥያቄዎች ዞረው እዚህ ነው የሚገቡት።

ኮሪደር ልማቱስ? ለጤና ነው ወይስ ለውበት?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራትና መቀመጫ የጤና መሠረተ ልማት ናቸው፣ ቀልድ አይደለም። መብራት ሲኖር ሴቶች ማታ በእግራቸው መሄድ ይደፍራሉ። መቀመጫ ሲኖር ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከቤት ይወጣሉ፣ ምክንያቱም መሀል ላይ አረፍ እንደሚሉ ያውቃሉ። እንደ ጎንደር ዳገት በበዛበት ከተማ መቀመጫ ቅንጦት አይደለም።

ግን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መንገዱ ሳይቆራረጥ የት ድረስ ይሄዳል? ግንቡ ዙሪያ ያማረ ንጣፍ ኖሮ ወደ ገበያው ሲወረድ ጭቃ ከሆነ ጥቅሙ ለጎብኚና ለፎቶ ነው። ሁለተኛ፣ ጥላ አለው? ንጣፍ ብቻውን በመጋቢት ፀሐይ አይኬድበትም። ሦስተኛ፣ ከቦታው የተነሳው ሰው የት ገባ? ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከጤና ጋር አይያያዝም፣ መያያዝ ግን ነበረበት። ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ሲበተኑ እድሩ፣ ቡናው፣ ልጅ የሚያይላችሁ ጎረቤት አብሮ ይበተናል። በተለይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት ጎረቤት ማለት መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን የሚጠይቅ ሰው ነው። ሰው መነሳቱ ግድ ከሆነ ሰፈሩን እንዳለ አንድ ቦታ ማስፈር ይቻላል፣ ዋናው ማሰቡ ነው።

ሰፈራችን ከተማ መሀል ሆኖ ለምን እንዲህ ተጣበበ? ፒያሳ ለምን ሰፊ ሆነ?

ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስትቆረቆር በአንድ ፕላን አልተሠራችም። በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ግንቡ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና አዲስ ዓለምን የመሳሰሉ ሰፈሮች በየራሳቸው አደጉ። ፒያሳን በዛሬ መልኩ የሠራው በወረራው ዘመን ጣሊያን ነው። የቅኝ ገዥው ፕላን ሰፊውን መንገድ ለራሱ ሰው አድርጎ አገሬውን በሌላ ወገን ለይቶ ማኖር ነበር ሐሳቡ። ማን ንጹሕ አየርና ሰፊ መንገድ ያገኛል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ድሮም በወረቀት ላይ ሲወሰን ነበር ማለት ነው።

ባጃጅ ይከልከል ነው የምትሉት?

በጭራሽ። ታክሲ በማይገባበት ኮብልስቶን ዳገት ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ማን ሆነና?

ግን ችግሩን እንነጋገር። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው፣ የምትቀመጡትም ዝቅ ብላችሁ ከፊት ያለው አይሱዙ ጭስ በሚተፋበት ከፍታ ላይ ነው። ሦስት እግር ስላለው በመታጠፊያ ላይ ፈጥኖ ከዞረ ይገለበጣል። ሹፌሩ አጠገብ ትርፍ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ መሪውን እንደልቡ ማዞር አይችልም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ «ትንሽ ጠጋ በሉ» ሲባል ጠጋ ይላል።

መፍትሔው የታወቀ ቦታ ላይ እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ከትምህርት ቤት በርና ከመታጠፊያ ራቅ ያለ ተራ መያዣ ቢኖር ሹፌሩም ተሳፋሪ ፍለጋ ሲዞር ነዳጅ አያቃጥልም። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ቀለምና ትራፊክ ይበቃል።

አቧራ ነው የሚጎዳን ወይስ ጭስ?

ሁለቱም ይጎዳሉ፣ አጎዳዳቸው ግን ይለያያል። በዓይናችን የምናየው አቧራ ሻካራ ስለሆነ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አስም ያለበትን ያነሳበታል፣ ዓይን ያስቆጣል፣ ያስላል። መንገድ ተቆፍሮ ወራት ሲቆይ አጠገቡ ያሉ ቤቶች በር ዘግተው ነው የሚኖሩት፣ ምግብ ቤቱም ሻይ ቤቱም አቧራ ያበላል። ሥራ ተቋራጩ በቀን ውኃ ማርከፍከፍ እንዳለበት ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ጠይቁ።

ጭሱ የባሰ ነው። በተለይ የናፍጣ ጭስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ፣ ባለሙያዎች ፒኤም 2.5 የሚሉት፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ እስከ ደም ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳቱ ሳል ብቻ አይደለም፣ የልብ ድካምና ስትሮክም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የካንሰር ጥናት ዓለም አቀፉ ተቋምም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ጎንደር ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ያረጀ ሞተር ነዳጁን በቅጡ አቃጥሎ አይጨርስም። ከዚያ ዳገቱ አለ፣ የጫነ መኪና በአንደኛ ማርሽ እያጓራ ሲወጣ ጥቁር ጭሱን የሚለቀው እዚያ ነው። ዳገቱ ጥግ ደግሞ ጉሊት የዘረጉ እናቶች ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፣ ልጅ ያዘሉም አሉ። ፕላን አውጪው ጉሊቱን ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ወዳለ ቦታ ቢያስገባው ብቻ የሚተነፍሱት ጭስ በግልጽ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የመኪና ጭስ ከመንገዱ በተራቀ ቁጥር ይሳሳል። ማባረር ግን መፍትሔ አይደለም። ተባረው የሚሄዱት ወደ ሌላ አስፋልት ዳር ነው።

የምድጃና የከሰል ጭስም አለ፣ ቤት ውስጥ ስለሆነ ምናልባት ከመኪናው የበለጠ ይጎዳል። እሱ ግን ሌላ ርዕስ ነው።

አቧራ ትራኮማ ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፣ በእጅ፣ በጨርቅና ዓይን ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይተላለፋል። ከተማ ፕላን ግን ይነካዋል፦ ውኃ ሲጠፋ የልጅ ፊት አይታጠብም፣ ቆሻሻ ሳይነሳ ሲቀር ደግሞ ዝንብ ይበዛል።

ፍጥነት ላይ ለምን ይህን ያህል ታካብዳላችሁ? ከተማችን ጠባብ ናት፣ ማን ይፈጥናል?

ጠባብነቷ ነው የሚያሳስበው። በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 የሆኑትን በመግደልም አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው። እኛ አገር ደግሞ ከሟቾቹ ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሹፌሩ ልጅ ካየበት ቅጽበት እስኪቆም 13 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ50 ሲሄድ ወደ 28 ሜትር ይጠጋል። ይህ በደረቅና በሜዳ መንገድ ነው። በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ፣ ቁልቁለት እየወረደ፣ ፍሬኑ ያለቀበት መኪና ሲሆን ደግሞ እናንተው ገምቱት። ስለዚህ ነው ሰውና መኪና በሚቀላቀልበት ቦታ 30 ይሁን የሚባለው።

ምልክት መትከል ብቻ ግን ዋጋ የለውም፣ ማንም አያየውም። ሹፌር የሚቀንሰው መንገዱ ሲያስገድደው ነው። በትምህርት ቤት በር ላይ ጉብታ፣ ከፍ ያለ ዜብራ፣ ጠበብ ያለ መታጠፊያ ያስፈልጋል። ሰዎች «መንገዱ ይስፋልን» ሲሉ እሰማለሁ። መንገድ ሲሰፋ ጭንቅንቁ ለጊዜው ይቀላል፣ ፍጥነቱ ግን ይጨምራል፣ ለመሻገርም ብዙ እርምጃ ይፈልጋል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደውን ዓይነት ረጅም መንገድ ስናሰፋ መሻገሪያውና መሀል ላይ መቆሚያው አብሮ ካልታሰበ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ለልጆቹ ሩቅ አገር ነው የሚሆንባቸው።

ሳይክልስ? ባሕር ዳር ሁሉም ሰው ይነዳ የለ?

ባሕር ዳር ሜዳ ነው። ሳይክል ይዛችሁ የፒያሳን ዳገት ውጡ ስንባል እንስቃለን፣ እውነታችንን ነው። አዘዞ አካባቢ ግን ሜዳ ስለሆነ ለተማሪና ለሠራተኛ ይሆናል፣ ከመኪናው የተለየ መስመር ከተሰጠው። በባትሪ የሚታገዘው ሳይክል ዳገቱንም ይፈታዋል፣ ዋጋው ግን ገና የብዙ ሰው አቅም አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ችግሩ አያልቅም?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፣ ጭስን በተመለከተ ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ቢበዛ ለዳገት ዳር ነጋዴዎች ትልቅ እፎይታ ነው። አቧራው ግን አይቀርም፣ ልጅ መግጨቱም አይቀርም፣ እግረኛ መንገድ ላይ ሲቆም የሚይዘው ቦታም ያው ነው።

ጫጫታ በሽታ ይሆናል?

ይሆናል። የሌሊት ጫጫታ እንቅልፍ ይነሳል፣ ባትነቁ እንኳ ልብ ምታችሁን ይጨምራል፣ ለዓመታት ሲደጋገም ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ የሌሊት የመንገድ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። እኛ ጋ ክላክስ ሰላምታም ነው፣ ስድብም ነው፣ ተሳፋሪ መጥሪያም ነው። መናኸሪያ አጠገብ የሚኖር ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ረዳቱ የሚጠራውን የከተማ ስም ሁሉ በቃሉ ያውቃል። አዲስ መኖሪያ ሲታሰብ ከመናኸሪያ ራቅ፣ አዲስ መናኸሪያ ሲታሰብ ደግሞ ከሰፈር ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ከፕላን ውጭ የሚስተካከልበት መንገድ የለም።

ዛፍ መትከል ይበቃል?

የተከልነውን ብንንከባከብ እንኳ ጥሩ ነበር። ጎንደር ውስጥ ያረጀ ዛፍ የምታገኙት የት ነው? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ፣ በየደብሩ ቅጥር፣ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ። ጽዱና ወይራው የተረፈው ቤተ ክርስቲያን ስለጠበቀው ነው። ሰው እዚያ ገብቶ ጥላ ስር ሲቀመጥ መንፈሱም ገላውም ያርፋል፣ ይህን ለመናገር ጥናት አያስፈልግም። ችግሩ ከቅጥሩ ውጭ ነው። በመንገዱ ዳር ጥላ የለም፣ የአካባቢው ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳም ቤት እየተሠራበት አልቋል።

ቦይና ውኃም የትራንስፖርት ፕላን ውስጥ ይገባል?

መንገድ ሲሠራ ቦይ አብሮ ይሠራል፣ ስለዚህ ይገባል። ቦይ በፕላስቲክ ሲደፈን ውኃው ወደ ቤት ይገባል ወይም ይቆማል። በክረምት የሚመጣው ተቅማጥና አተት ከዚህ ጋር ብዙ ግንኙነት አለው። ከከተማው የሚወርደው ሁሉ መጨረሻው ቀሃና አንገረብ ነው። ከአንገረብ ግድብ ደግሞ እንጠጣለን፣ ግድቡም በደለል መሞላቱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ቤትና መንገድ የት ይሠራ የሚለው ውሳኔ እንግዲህ ታች ቧንቧችሁ ላይ ይታያል።

ስለ ሕዝብ ሽንት ቤት ማንም አያወራም፣ ለምን?

ስለሚያሳፍር ነው መሰለኝ። በገበያ ቀን ከገጠር በእግሯ የመጣች ሴት ጠዋት ገብታ ማታ ትመለሳለች። ሽንት ቤት እንደማታገኝ ስለምታውቅ ውኃ አትጠጣም። ይህ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ የባሰ ነው። ገበያና መናኸሪያ ሲታቀድ መጀመሪያ ላይ መሳል የነበረበት ነገር መጨረሻ ላይ ትዝ ይላል፣ ተሠርቶም ውኃ ስለሌለው ይቆለፋል።

ቤታችን አምቡላንስ አይገባም። ምን እናድርግ?

ብዙ ሰፈር እንዲሁ ነው። በሽተኛ በቃሬዛ ወይም በሰው ጀርባ እስከ አስፋልት ይወርዳል፣ ምጥም ደም መፍሰስም ያን ያህል አይጠብቅም። ከእድሩ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ መግቢያ ከብሎኬትና ከቆመ ባጃጅ ነጻ አድርጉ። ቤት ቁጥርና የሰፈር ምልክት ቢኖር ደግሞ ደዋዩ «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ» እያለ ደቂቃ አያጠፋም። አዲስ አጥር የሚያጥሩ ጎረቤቶች መንገዱን ሲገፉ ዝም ብሎ ማየት ግን የሁላችንም ድክመት ነው።

መኪና የማይገባበት ቀን እዚህ ይሠራል?

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብሎ ጀምሮታል። ለጎንደር ደግሞ አዲስ ነገር አይሆንባትም። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ የሰው ነው፣ መኪና ባለመግባቱ የተራበ ሰው አልሰማሁም። በወር አንድ እሑድ ጠዋት ከፒያሳ እስከ አራዳ ያለውን ለልጆች ብንለቅ ብዙ የሚጎዳ ሰው አይታየኝም። ነጋዴው መጀመሪያ ማጉረምረሙ አይቀርም፣ እግረኛ ሲበዛ ገዢም እንደሚበዛ ሲያይ ግን ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለማን ነው የምንለው?

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝቡ እንዲወያይበት ይላል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላ ከተማው ዋና ፕላን፣ ከጸደቀ ለ10 ዓመት ይሠራል፣ ስለዚህ አንድ ስብሰባ መቅረት ረጅም ጊዜ ያስከፍላል። ስብሰባው ሲጠራ ሂዱ፣ ሴቶችም አዛውንትም ይሂዱ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚናገረው መኪና ያለው ሰው ነው። ካርታውን ስታዩ የምትጠይቁትን አጥብቡት፦ የልጆቻችን መሻገሪያ የቱ ጋ ነው፣ ቦዩ ክዳን አለው ወይ፣ ጉሊቱ የት ይገባል፣ ሽንት ቤቱስ። ለቀበሌ ወይም ለክፍለ ከተማ ስታመለክቱ በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂ አስቀሩ። ክዳኑ የጠፋ ቱቦ ካለ ፎቶውን አያይዙ። እስኪከደን ድረስ ደግሞ ቢያንስ እንጨት ወይም ቅርንጫፍ ሰክታችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ማታ የሚያልፍ ሰው አለ።